ማቆሚያው በመምህሩ እጅ ይሁን፦ በአንድ ላፕቶፕ 60 ተማሪ ለሚያስተምሩ

በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ሲገባ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያወራው አንድ ዓይነት ነው። ትምህርቱ ከሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በተቆረጠለት ሰዓት ይመጣል። ከክፍለ ጊዜው ግማሽ ሰዓት ያህሉ የስክሪኑ ሲሆን የክፍሉ መምህር መግቢያና መዝጊያ ላይ በምትተርፈው ጥቂት ደቂቃ ይብቃቃል። የፕላዝማው መምህር ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ያልፋል። ማስታወሻ ሲጽፍ የቆየ ተማሪ ቀና ሲል ስክሪኑ ላይ ሌላ ነገር ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ጠፋ። ሥዕሎቹ ጥሩ ነበሩ፣ ሙከራዎቹም እንዲሁ። ችግሩ ማንም ሰው "አንዴ ቆይ" ሊለው አለመቻሉ ነበር።

ዛሬ በብዙ መምህራን እጅ ስልክ አለ። በብዙ ትምህርት ቤትም ቢያንስ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር አይጠፋም፤ አንዳንዱ ከነካርቶኑ ቢሮ ቢቆለፍበትም። ይህ ጽሑፍ እነዚህን ይዘው 60 እና 70 ተማሪ ፊት ለሚቆሙት ለእርስዎ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ታብሌት የሚታደልበት ትምህርት ቤት ሌላ መመሪያ ይፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይያዙልኝ፦ ክፍል ውስጥ የሚያስገቡት ማንኛውም መሣሪያ እርስዎ ሲፈልጉ የሚቆም፣ የሚደገም፣ ወደ ኋላ የሚመለስ ይሁን። ይህን ካልፈቀደ፣ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን አያስገቡት።

መጀመሪያ ርዕሱ፣ ከዚያ ዕቃው

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀመረው በተቃራኒው ነው። ፕሮጀክተር ይመጣል፤ "ተጠቀሙበት" ይባላል፤ መምህሩም ማታ ቁጭ ብሎ የመማሪያ መጽሐፉን ምዕራፍ ወደ ፓወርፖይንት ይገለብጣል። በማግስቱ ተማሪው ከጥቁር ሰሌዳ ይገለብጥ የነበረውን ከግድግዳ ይገለብጣል። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ያምራል፤ ለተማሪው ግን የጨመረለት የለም።

እርስዎ ያለፈውን ዓመት የፈተና ወረቀት ያውጡና ተማሪዎች በብዛት የሳቱትን ጥያቄ ይፈልጉ። የሳቱት ባለማጥናታቸው ነው ወይስ ነገሩ ስላልታያቸው? ሁለተኛው ከሆነ ርዕስዎን አገኙ። ስክሪን የሚጠቅመው በዓይን ለማይታይ፣ ለሚንቀሳቀስ ወይም ክፍል ድረስ ሊመጣ ለማይችል ነገር ነው፦ የኤሌክትሪክ ጅረት፣ የሕዋስ ክፍፍል፣ የደም ዝውውር፣ የስምጥ ሸለቆ አፈጣጠር። የእንግሊዝኛ አነባበብና የማዳመጥ ልምምድም እዚህ ይገባል።

የሒሳብ ማረጋገጫን ደረጃ በደረጃ ለማሳየት ግን ከጠመኔ የሚሻል ነገር እስካሁን አላየሁም። እጅ በሚጽፍበት ፍጥነት የተማሪው ሐሳብም ይከተላል፤ ተዘጋጅቶ የመጣ ስላይድ አምስቱን መስመር በአንዴ ይዘረግፍበታል። ስለዚህ "ቴክኖሎጂ አልተጠቀምክም" እንዳይባሉ ብለው የማይሆነውን ርዕስ ስክሪን ላይ አይስቀሉ። ለመጀመሪያው ሴሚስተር ሁለት ወይም ሦስት ርዕስ ይበቃል።

ክፍሉን አስቀድመው ይዩት

ከትምህርቱ በፊት ባለው ቀን፣ ተማሪ በሌለበት ሰዓት፣ ዕቃውን እዚያው ክፍል ውስጥ ይሞክሩት። ቢሮ ውስጥ መሞከር አይቆጠርም። ሶኬቱ ይሠራል? ብዙ ክፍል ውስጥ ወይ ተነቅሏል ወይ ከሰሌዳው ማዶ ጥግ ነው፤ ረጅም ዲቫይደር ያስፈልጋል። ገመዱን በግድግዳው ሥር ያስኪዱት፤ በዴስኮች መሃል ካለፈ አንዱ ተጠልፎ ላፕቶፑን ይዞት ይወርዳል። አሮጌው ፕሮጀክተር ቪጂኤ ብቻ፣ አዲሱ ላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ ብቻ ሆነው ስንት ክፍለ ጊዜ ባክኗል! ማገናኛዋን አስቀድመው ይዋሱ ወይም ያስገዙ።

ፀሐይ በቀጥታ በሚገባበት ክፍል የፕሮጀክተር ምስል አይታይም። መጋረጃ ከሌለ ፀሐዩ ወደማይገባበት ሰዓት ከሌላ መምህር ጋር ክፍለ ጊዜ ይቀያየሩ። ከዚያ መጨረሻው ዴስክ ላይ ሄደው ይቀመጡና ስክሪኑን ያንብቡ። እርስዎ ካላነበቡት፣ ኋላ የሚቀመጡት ልጆችም አያነቡትም። ድምፅ የሚያስፈልግ ከሆነ የላፕቶፑ ድምፅ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም፤ የሚኒ ሚዲያ ክበቡን ስፒከር ይጠይቁ።

መብራት እንደሚጠፋ አድርገው ያቅዱ። ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ፕሮጀክተሩ ግን ወዲያው ይሞታል። ስለዚህ በስክሪን የሚያሳዩትን ዋና ሥዕል አስቀድመው በሰሌዳው ጥግ ወይም በትልቅ ወረቀት ይሳሉት። መብራት እንደጠፋ ዕቃውን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ብዙ ጊዜ ዕቃ የሚያቃጥለው መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ብሎ የሚገባው ኃይል ነው። በሰላም ከጨረሱም ፕሮጀክተሩን አጥፍተው ማራገቢያው እስኪቆም ይጠብቁ እንጂ ወዲያው አይንቀሉት።

ሌላው፣ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ከያዘው ሰው ጋር ይወዳጁ። ቀልድ አይደለም። የብዙ መልካም ዕቅድ መጨረሻ "ቁልፉ እገሌ ጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ዛሬ አልገባም" የሚለው ነው።

ኢንተርኔት ሳይጠብቁ

ጥቅል ቢገዙም ባይገዙም ኢንተርኔት ላይ ተደግፈው ክፍል አይግቡ። የሚያስፈልግዎትን ሁሉ ኔትወርክ ባለበት ቦታ አውርደው በላፕቶፑና በፍላሽ ይያዙት።

ለሳይንስና ለሒሳብ መጀመሪያ የምመክርዎት ፌት የተባለውን ስብስብ ነው። የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር የጀመሩት ሥራ ሲሆን፣ በስክሪን ላይ የሚነካኩ ምናባዊ ሙከራዎችን ይዟል። አዲሶቹ ሙከራዎች እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ፋይል ይወርዳሉ፣ በፍላሽ ይገለበጣሉ፣ በክሮም ወይም በፋየርፎክስ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታሉ። ለክፍል ትምህርት ክፍያ የለባቸውም። ከቪዲዮ የሚለዩትም እዚህ ላይ ነው፤ እርስዎ ካልነኳቸው በስተቀር አይንቀሳቀሱም።

ትምህርት ቤቱ ብዙ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ካሉት ደግሞ ኮሊብሪን ይዩት። ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለ ድርጅት ኢንተርኔት ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ብሎ የሠራው ነው። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ ሌሎቹ በዋይፋይ ራውተር ከእሱ ያነባሉ፤ ዳታ አይቆጥርም። የካን አካዳሚ ቪዲዮዎችና መልመጃዎች እዚያ ውስጥ ይገኛሉ፤ ባብዛኛው በእንግሊዝኛ መሆናቸውን ግን አስቀድመው ይወቁ።

ቪዲዮ ከሆነ የሚያሳዩት፣ ያገኙት ሃያ ደቂቃ ቢሆንም የሚያስፈልግዎ ሁለት ወይም ሦስቱ ነው። የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ደቂቃ ሌሰን ፕላኑ ላይ ይጻፉት፤ የሚያቆሙበትን ቦታና እዚያ ላይ የሚጠይቁትንም ጭምር። ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ረጅሟ የክፍተት ቁልፍ ታቆማለች፣ መልሳ ታስነሳለች፤ ንግግሩ ከፈጠነም ፍጥነቱን መቀነስ ይቻላል። የውጭ አገር ሰው እንግሊዝኛ ለተማሪዎ የሚከብደው ከሆነ ድምፁን ዘግተው እርስዎ ራስዎ ይተርኩት። ልጆቹ የእርስዎን ድምፅ ለምደዋል።

አንዱን ክፍለ ጊዜ ከውስጡ

የ10ኛ ክፍል ፊዚክስን እንውሰድ፤ ርዕሱ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ነው። ተማሪዎች የኦምን ሕግ በቃላቸው ይወጡታል፤ ግን ብዙዎቹ ጅረት አምፖል ውስጥ ሲያልፍ የሚበላ ነገር ይመስላቸዋል። ይህን እምነት ፎርሙላ አይነቅለውም። ታዲያ እንዴት ይነቀላል?

ፕሮጀክተሩን ገና አያብሩ። ሰሌዳው ላይ አንድ ባትሪና በሲሪስ የተያያዙ ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎች ይሳሉ። ጥያቄው፦ "የትኛው ይበልጥ ይበራል? አንድ፣ ለባትሪው ፖዘቲቭ የቀረበው። ሁለት፣ የራቀው። ሦስት፣ እኩል።" ሁሉም መልሱን መጀመሪያ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ከዚያ "ጣታችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ አሳዩኝ" ይበሉ። ደረት ላይ የሆነበት ምክንያት አለው፤ እጅ ወደ ላይ ከተሰቀለ ሁሉም የክፍሉን ጎበዝ አይቶ ይከተላል። ከፊት ሆነው ስድሳውን ደረት ለማየት ጥቂት ሰከንድ ይበቃዎታል። ማን ትክክል እንደሆነ አይናገሩ፤ ፊትዎም እንዳያሳብቅብዎት።

ቀጥሎ የሚያደርጉትን የሚወስነው ያዩት ቁጥር ነው። ይህን ስልት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሃርቫርድ ያዳበሩት የፊዚክስ መምህሩ ኤሪክ ማዙር ናቸው። በግምት ከመቶ 30 በታች ካገኙት ርዕሱ አልገባቸውም፤ ተመልሰው ያስረዱ። ከ70 በላይ ከሆነ አጭር ማብራሪያ ሰጥተው ይለፉ። በመካከል ከሆነ "ከጎንሽ ካለችው ጋር ተከራከሪ፤ አሳምኛት" ብለው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይልቀቋቸው። ክፍሉ ይጮሃል፤ ይጩህ። ዩኒት መሪው በመስኮት ቢያይም ግድ የለም። ከዚያ ድጋሚ ጣት ያስወጡ።

አሁን ፕሮጀክተሩን ያብሩ። በፌት የሰርኪዩት ሙከራ ባትሪውን፣ ሁለቱን አምፖሎችና ማብሪያ ማጥፊያውን እያያያዙ ይሥሩት፤ ወይም ማውሱን ለአንዲት ተማሪ ይስጧት። ማብሪያው ክፍት እንደሆነ እጅዎን ከማውሱ ያንሱ። ትንሽ ይጠብቁ። ከዚያ ይዝጉት። ሁለቱም አምፖሎች እኩል ይበራሉ፤ ሰማያዊዎቹ ኤሌክትሮኖችም ከአምፖሉ በፊትም በኋላም በእኩል ፍጥነት ሲጓዙ ይታያሉ። አንደኛውን የመረጡት ልጆች ያጉረመርማሉ። ያኔ ለማስረዳት አይቸኩሉ፤ "ታዲያ ጅረቱ የት ሄዶ አለቀ?" ብለው መልሰው ይጠይቋቸው።

ሦስተኛ አምፖል በሲሪስ ሊጨምሩ ነው፤ ከመጨመርዎ በፊት ተማሪዎቹ ምን እንደሚሆን ይጻፉ። ይጨምሩት፤ ሦስቱም ይደክማሉ። አንዱን ያውጡት፤ ሁሉም ይጠፋሉ። እዚህ ላይ ስክሪኑን ያጥፉና፦ "ቤታችሁ ውስጥ የሳሎኑ አምፖል ሲቃጠል የማድ ቤቱ ለምን አይጠፋም?" ፓራለል ግንኙነት በዚህ በር ይገባል። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ ስክሪኑ በርቶ የቆየው ከአሥር ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ይበቃዋል።

የሚቻል ከሆነ ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ትናንሽ አምፖሎችና ሽቦ ይዘው ይግቡና እውነተኛውንም ያሳዩ። እውነተኛው አምፖል እንደ ስክሪኑ ፍጹም እኩል ላይበራ ይችላል፤ ለምን እንደሆነ መነጋገርም ራሱ ፊዚክስ ነው።

ጣት መቁጠሩን "ይሄ ምኑ ቴክኖሎጂ ነው?" የሚል አይጠፋም። የካናዳው የፊዚክስ መምህር ናትናኤል ላስሪ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በኤሌክትሮኒክ መምረጫ የመለሱና ካርድ እያነሡ የመለሱ ተማሪዎችን አወዳድሮ በትምህርታቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ለመምረጫ የሚወጣውን ገንዘብ ለዲቫይደርና ለስፒከር ያውሉት።

ኮምፒውተር ክፍል የሚገቡ ከሆነ

ከ30ው ኮምፒውተር 20 ከሠራ፣ 60ው ተማሪ ለአንድ ኮምፒውተር ሦስት ሦስት ይደርሳል። ዝም ብለው ከለቀቋቸው ማውሱን የሚይዘው ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ልጅ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ፣ ብዙ ጊዜ ሴቶቹ፣ ተመልካች ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ ሥራ ያከፋፍሉ፦ አንዱ ማውስ ይይዛል፣ አንዷ መመሪያውን ታነባለች፣ ሦስተኛው መልሱን ወረቀት ላይ ይጽፋል። በየአሥር ደቂቃው ሲያጨበጭቡ ይቀያየራሉ። መመሪያው በወረቀት የታተመ፣ የሚሞላ ባዶ ቦታ ያለው ይሁን። እርስዎ መናገር ሲፈልጉ "ሞኒተር አጥፉ" ይበሉ፤ ስክሪን በርቶ የሚሰማዎት ሰው አያገኙም።

ከክፍል ውጭ፦ ቴሌግራም

ተማሪዎቻችን ቴሌግራም ላይ ናቸው፤ መጽሐፉም፣ የድሮ ፈተናውም፣ ወሬውም እዚያ ነው። እዚያ ለመግባት ከወሰኑ ግሩፕ አይክፈቱ፤ ቻናል ይክፈቱ። ግሩፕ በሳምንቱ የስቲከርና የማስታወቂያ መድረክ ይሆናል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አባላቱ እርስ በርስ ስለሚተያዩ ሴት ተማሪዎች ከማያውቁት ሰው መልእክት የሚጎርፍባቸው መሆኑ ነው። በቻናል የሚጽፉት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ተከታዮቹም አይተያዩም። ተማሪዎችዎ ስልክ ቁጥራቸውን ከማያውቁት ሰው እንዲደብቁ የግላዊነት ማስተካከያው የት እንዳለ አንድ ቀን በአምስት ደቂቃ ያሳዩአቸው። የልጆቹን ፊትና የፈተና ውጤት ቻናሉ ላይ አይለጥፉ።

የሚለጥፉት ትንሽና ቀላል ይሁን፦ በስልክዎ የተነሣ የሰሌዳ ፎቶ፣ የሁለት ደቂቃ የድምፅ ማብራሪያ፣ ሦስት የምርጫ ጥያቄ። የቴሌግራም የኩዊዝ ምርጫ መልሱን ወዲያው ይነግራቸዋል፤ እርስዎም ስንቱ እንደሳተ ያያሉ። ድምፅ ከቪዲዮ እጅግ ያነሰ ዳታ ይበላል።

ስልክ የሌለውን ተማሪ ግን ምን ጊዜም አይርሱ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ስልክና ቴሌቪዥን የነበረው ቤቱ ሆኖ ተከታተለ፤ ያልነበረው ቀረ። ስለዚህ ቻናል ላይ ብቻ ያለ ነገር ማርክ አይያዝበት። የተለጠፈው ሁሉ ሰኞ ጠዋት በአንድ ወረቀት ታትሞ የክፍሉ ግድግዳ ላይ ይውጣ።

የፊደል ነገርም አለ። በድሮ የአማርኛ መጻፊያዎች የተጻፈ ወርክሺት ስልክ ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ቅልቅል ሆኖ ይመጣል። በዩኒኮድ ይጻፉ፤ ስልክ ላይ ያለው የአማርኛ ኪቦርድም፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ኪማንም በዩኒኮድ ነው የሚጽፉት። ከዚያ ወደ ፒዲኤፍ ቀይረው ይላኩት።

አሳይመንቱን ማሽን ከሠራው

ቻት ጂፒቲና መሰሎቹ የጻፉት አሳይመንት አሁን በየክፍሉ አለ። መከልከል ብቻውን አያዋጣም፤ ማጣራትም አድካሚ ነው። የተሻለው ማሽኑ የሰጠውን መልስ ራስዎ አትመው ክፍል ማምጣትና "ስህተቱን አውጡ" ማለት ነው። በተለይ ስለ አካባቢያችን፣ ስለ ታሪካችንና በአማርኛ ሲጠየቅ የሚሳሳተው ብዙ ስለሆነ ጥሩ መለማመጃ ይወጣዋል። ማርክ የሚይዙበትን ሥራ ደግሞ ተማሪው ቆሞ በሁለት ጥያቄ ያስረዳው። የራሱ ከሆነ ያስረዳል።

ሠርቷል ወይስ አልሠራም?

ከትምህርቱ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከድሮው ፈተና ያወጡትን ያንኑ ጥያቄ፣ ቁጥሩንና ሥዕሉን ቀይረው፣ ሳያሳውቁ በተከታታይ ምዘና ያስገቡት። ካለፈው ዓመት ያነሰ ተማሪ ከሳተ ትምህርቱን ይያዙት። ካልተለወጠ አንድ ጊዜ ብቻ አሻሽለው ይሞክሩ። ያም ካልሆነ ያለ ምንም ሐዘን ወደ ጠመኔዎ ይመለሱ። "ተማሪዎቹ ደስ ብሏቸዋል" የሚለውን መለኪያ አይቀበሉ፤ ፊልም ቢያዩም ደስ ይላቸዋል።

የሠራልዎትን ትምህርት ፋይሉን፣ የጥያቄውን ወረቀትና ያቆሙባቸውን ቦታዎች አንድ ላይ በአንድ ፎልደር ያስቀምጡ፤ ስሙም ክፍሉና ርዕሱ ይሁን። አንድ ኮፒ ለዲፓርትመንቱ ይስጡ። ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወሩ ፍላሹን ይዘው ቢሄዱም ፎልደሩ እዚያው ይቅር፤ እርስዎን የሚተካው መምህር ከዜሮ እንዳይጀምር አደራ።